የበለስ ሩዝ በአቃቂ ኮትቻ

እምነት ፈቀደ ሩዝ አትበላም ነበር። ቤት ውስጥ ቢቀቀል፣ ሠርግ ላይ ቢቀርብ፣ መሥሪያ ቤት ግብዣ ላይ በካሮት አሸብርቆ ቢመጣ ሳህኗን ወደ ሌላ ወገን ታዞራለች። ይቺው ልጅ ናት እንግዲህ ሚሌኒየሙ በተከበረ ማግስት፣ ሩዝ በየስብሰባው መነሳት በጀመረበት ዓመት፣ የአገሪቱን የሩዝ ካርታ ከሚሠሩት አንዷ እንድትሆን የተመደበችው።

ቢሮዋ ቃሊቲ ዋናው አስፋልት ዳር፣ ከታች የብረት መጋዘን ያለበት ፎቅ ላይ ነው። ከባድ መኪና ባለፈ ቁጥር መስኮቱ ይንቀጠቀጣል። ሥራው ለማያውቀው ሰው እንቆቅልሽ ይመስላል እንጂ ነገሩ ቀላል ነው። የዝናቡ መጠን አንድ ካርታ ይሆናል፤ ሙቀቱ ሌላ ካርታ ይሆናል። እርጥበቱ መሬት ላይ ስንት ወር እንደሚቆይ፣ አፈሩ ውሃ ይያዝ አይያዝ፣ ከፍታው፣ ተዳፋቱ፣ ሁሉም የየራሱ ካርታ አለው። ከዚያ አንዱን ባንዱ ላይ መደረብ ነው። ሁሉም የተስማሙበት ቀጣና ጠቆር ያለ አረንጓዴ ሆኖ ይወጣል፤ አንዱ ያልተስማማበት ፈዘዝ ይላል፤ ጨርሶ የማይሆነው ግራጫ ነው። ሩዝ ደግሞ ቅምጥል ሰብል ነው። ውሃ ይወዳል፣ ብርድ አይወድም። በተለይ አበባ በሚያወጣበት ሰሞን ሌሊቱ ከቀዘቀዘ ዛላው ፍሬ ሳይዝ ይቀራል።

መጋቢት ውስጥ አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ካርታዎቹ ለመጀመሪያ ጊዜ ተደረቡ። ማሽኑ ቀስ እያለ ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ ቀለም እየቀባ ሄደ። መካከሉ ደጋው ግራጫ ሆነ። ጣና ዳር አረንጓዴ ብልጭ አለ። ከዚያ ወደ ምዕራብ ወርዶ፣ የበለስን ወንዝ ተከትሎ፣ ሰፊ ሸለቆ በሙሉ ጠቆር ባለ አረንጓዴ ተሞላ።

እምነት ወንበሯን ገፍታ ተነሳችና መስኮቱ ጋ ሄደች።

«ምነው? ምን ሆንሽ?» አለቻት ዮዲ። ዮዲ አጠገቧ የምትቀመጥ የሥራ ባልደረባዋ ናት፤ ቀጥተኛ፣ ሳቂታ፣ የሆዷን በሆዷ የማትይዝ ልጅ።

«እዚያ ነው የተወለድኩት።»

«የት? በለስ? ወይኔ! አንቺ የአቃቂ ልጅ አልነበርሽም እንዴ?»

«ያደግሁት አቃቂ ነው።»

ዮዲ ልትቀጥል አፏን ከፍታ ነበር፤ የጓደኛዋን ፊት አየችና ጥያቄዋን ትታ ወደ ስክሪኗ ዞረች። እንዲያ መሆኗ ብርቅ ነው።

የሥራ ኃላፊያቸው አቶ ሰይፈሥላሴ ይህን ሳይሰሙ አልቀሩም። በሳምንቱ የመስክ ጉዞ ሲደለድሉ፣ «በለስ የእምነት ይሁን» አሉ። ካርታው በስክሪን ላይ የሚያሳየውን መሬት ላይ ወርዶ ማረጋገጥ ያስፈልግ ነበርና፣ ጥቅምት ላይ ሰብሉ ቆሞ ሳለ ሰው ይላካል። «የተወለድሽበት ነው አሉ፤ መንገዱም ሰዉም አያስቸግርሽም።»

«ለዮዲ ቢሰጥልኝ እመርጣለሁ፣ አቶ ሰይፈሥላሴ።»

«ምክንያት አለሽ?»

«የለኝም።»

አቶ ሰይፈሥላሴ መነጽራቸውን አውልቀው አዩዋት። «ደህና፤ የማልፈልገው ነገር ቢኖር እዚያ ቦታ ላይ እጅሽ እንዲያዳላ ነው። ወደ መውደዱም፣ ወደ መጥላቱም» አሉና የዮዲን ስም ጻፉ።

ነገሩ እንዲህ ነው። የእምነት አባት አቶ ፈቀደ የአቃቂ ተወላጅ ናቸው። አባታቸው የባቡር ሠራተኛ ነበሩና እዚያው አቃቂ፣ በሰቃ በሚባለው ሰፈር፣ ባለ ሁለት ክፍል ቤት ትተውላቸዋል። በደርግ ዘመን፣ ጎልማሳ ሳሉ፣ በለስ ላይ ጣሊያኖች የሚሠሩት ትልቅ የእርሻ ፕሮጀክት ተከፈተ ሲባል ሄደው የኮምባይነር ሾፌር ሆነው ተቀጠሩ። ከድርቁ የተረፈው የወሎ ሰው በዚያ ቆላ በየመንደሩ ሰፍሮ ነበር። መንደሮቹ ስም እንኳ አልወጣላቸውም፤ በቁጥር ነው የሚጠሩት። ከሰፋሪዎቹ አንዷ በላይነሽ ነበረች። ተጋቡ። እምነት ተወለደች፤ አስከትሎም ቀናው የሚባል ወንድ ልጅ መጣ። ቀናውን ሁለት ዓመት ሳይሞላው ወባ ወሰደው።

ከዚያ መንግሥት ተለወጠ። ጣሊያኖቹ ሄዱ፣ ማሽኖቹ በየሜዳው ቆሙ፣ የአቶ ፈቀደም ሥራ አበቃ። እምነት በበኩሏ ክረምት በመጣ ቁጥር በትኩሳት ትወድቅ ጀመር። አባት፣ «አቃቂ ቤት አለን፤ ደጋ ነው፤ እንሂድ» አሉ። በላይነሽ ግን፣ «ከወሎ ስወጣ አባቴን ሳልቀብር ነው የወጣሁት፤ አሁን ደግሞ የቀበርኩትን ጥዬ የትም አልሄድም» አለች።

ለዓመት ያህል ተባለ። ልጅቱ እስክትድን። ከዚያ አንዱ ወደ አንዱ ይመጣል ተባለ። አቶ ፈቀደ አቃቂ ፋብሪካ ጋራዥ ገቡ፤ ልጅቱ ትምህርት ጀመረች። እሳቸው በላይነሽን ይጠብቃሉ፤ በላይነሽ እሳቸውን ትጠብቃለች። አልተጣሉም፣ አልተፋቱም፣ አንዳቸውም ሌላ አላገቡም። በመካከል የሚመላለሰው የሾፌር መልእክት ብቻ ነበር፤ «ደህና ነኝ በልልኝ፤ እንዴት ናችሁ በልልኝ።» ከመልእክቱ ጋር በየዓመቱ ትንሽ ከረጢት ሩዝ ትመጣለች። አቶ ፈቀደ ሩዙን ራሳቸው ቀቅለው፣ ብቻቸውን ቁጭ ብለው ይበሉታል። እምነት አትነካውም።

ለምን እንደማትነካው ለማንም ተናግራ አታውቅም። በልቧ ግን፣ እናቴ ከእኔ ይልቅ የሞተውን ታናሽ ወንድሜን መረጠች፣ ትል ነበር። ስድስት ዓመቷ ሳለ ያሰበችው ነው፤ ከእሷ ጋር አብሮ አደገ።

ካርታዎቹ በተደረቡበት ዓመት፣ ግንቦት መጨረሻ ላይ፣ ዚያድ መጣ። ዚያድ ቃሊቲ ማረሚያ ቤቱ አካባቢ ሱቅ ያለው የስልጤ ነጋዴ ነው። በአይሱዙው ሳሙናና ቆርቆሮ ጭኖ ወደ ቻግኒና ወደ በለስ ይወርዳል፤ ሰሊጥና ማንጎ ይዞ ይመለሳል። የበላይነሽን ከረጢት ላለፉት ዓመታት የሚያመጣው እሱ ነው።

«ዘንድሮ ከነገለባው ነው፣ ጋሽ ፈቀደ» አለ፤ ከረጢቱን በር ላይ እያስቀመጠ። «የመንደሩ መፈልፈያ ተበላሽቶ ነው ብለዋል እትዬ በላይነሽ። ይቅርታ ጠይቅልኝ ብለውኛል።»

አቶ ፈቀደ ከረጢቱን ፈትተው እጃቸውን እስከ ክንዳቸው አስገቡ። ቢጫውን ፍሬ በመዳፋቸው ዘግነው ለረጅም ጊዜ አዩት። «ይሄማ ዘር ነው» አሉ ቀስ ብለው።

እምነት በሰኔ መጀመሪያ አንድ ቀን ከሥራ ስትገባ አባቷ ጓሮ ናቸው። ሱሪያቸውን እስከ ጉልበታቸው ሰብስበው ጭቃ ውስጥ ቆመዋል። ከቤታቸው ጀርባ፣ ወደ ወንዙ በሚወስደው በኩል፣ ክረምት በገባ ቁጥር ውሃ የሚተኛበት ጎድጓዳ ኮትቻ መሬት አለ። በቆሎ ተሞክሮ በስብሷል፣ ጎመንም ተሞክሮ በስብሷል።

«አባዬ! ምን እየሠራህ ነው?»

«ሩዝ እየዘራሁ።»

«እዚህ? እዚህ እኮ አይሆንም።»

«ማን አለ?»

«ካርታው።»

አቶ ፈቀደ ወገባቸውን ይዘው ቀና አሉና ሳቁ። «ካርታሽ ላይ አቃቂ ምን ቀለም ነው?»

«ግራጫ።»

«ግራጫ ምን አለው? ቱታዬ ግራጫ ነበር፤ በሱ ነው ያስተማርኩሽ።»

«አባዬ፣ የምሬን ነው። ውሃው ይበቃል፣ አፈሩም ይይዛል። ችግሩ ብርዱ ነው። ጥቅምት ላይ አበባ ሲያወጣ ሌሊቱ ይመታዋል። አረንጓዴ ይሆናል፣ ያምራል፣ ግን ፍሬ አይይዝም።»

«አንዳንድ ዓመት ብርዱ ይዘገያል» አሉና ጎንበስ ብለው ሥራቸውን ቀጠሉ።

ክረምቱ ገባ። ሩዙ እንደተባለው አረንጓዴ ሆነ። እንዴት ያለ አረንጓዴ! አቃቂ የሚያውቀው የጤፍና የስንዴ አረንጓዴ አይደለም፤ ውስጡ መብራት የበራበት ይመስላል። ከየፋብሪካው በሚወጣው ፍሳሽ ቀለሙ ከሚቀያየረው ወንዝ ማዶ ሳይቀር ይታያል። ጎረቤታቸው ወይዘሮ አደሴ በአጥሩ ላይ አንገታቸውን አስግገው፣ «ጋሽ ፈቀደ፣ ይሄ ሣር ለላም ነው?» ብለው ጠየቁ።

«ሩዝ ነው፣ አደሴ።»

«አይ! ሱቅ የሚሸጠው ሩዝ?»

«እሱ ራሱ። ባለቤቴ ነች የላከችው።»

ወይዘሮ አደሴ አፋቸውን በነጠላቸው ያዙ። በአሥራ ሰባት ዓመት ጉርብትና አቶ ፈቀደ ባለቤቴ የሚል ቃል ሲያወጡ ሰምተው አያውቁም።

ጡረተኛ ናቸውና አቶ ፈቀደ ከምሳ በኋላ ዱካ ይዘው ሩዙ ዳር ይቀመጣሉ። ዝናብ ካለ ጃንጥላ ዘርግተው ይቀመጣሉ። ነሐሴ ላይ አንድ እሁድ እምነት ሻይ ይዛላቸው ወጣች። ንፋስ በሩዙ ላይ አልፎ ወደሷ መጣ። ሽታው አፍንጫዋ ሲገባ ብርጭቆውን እንደያዘች ቆመች። የረጋ ውሃ፣ የጭቃ፣ የለጋ ቅጠል ሽታ ነው። ከሽታው ጋር አንድ ነገር መጣ፤ ከታች የረጠበ የቀሚስ ጫፍ፣ እሱን ጭብጥ አድርጋ የያዘች የራሷ ትንሽ እጅ፣ ከዚያ ደግሞ ብብቷ ሥር ገብተው ከቦዩ የሚያሻግሯት ሁለት እጆች። ፊት ግን የለም። ቀሚሱ አለ፣ እጆቹ አሉ፣ ፊቱ የለም።

«አባዬ» አለች፤ «የእማዬ ቀሚስ ምን ዓይነት ነበር?»

አቶ ፈቀደ ወደሷ ዞረው አዩ። እንዲህ ያለ ጥያቄ ጠይቃ አታውቅም።

«ሁለት ነበራት። አንደኛው ከእርዳታ ከመጣ ጨርቅ የተሰፋ፣ ሰማያዊ፣ ነጭ አበባ ያለበት። ውሃ ውስጥ ስትገባ ጫፉን ወገቧ ላይ ትሸጉጠዋለች፤ ግን ሁልጊዜ ይወድቃል።»

«ፊቷስ?»

«ፊቷ... » አሉ። «ቀይ ነች። ግንባሯ ሰፊ ነው። እንዴት ብዬ ልንገርሽ? ፎቶ እንኳ አልተነሳን። የት ይነሳል እዚያ!»

እምነት ብርጭቆውን ዱካው አጠገብ አስቀመጠች። ፈጥና ተናገረች። «እኔን ትታ ነው የቀረችው። ለሞተው ብላ።»

«ማን አለሽ?»

«ማንም። አውቃለሁ።»

«አታውቂም!» አሉ አቶ ፈቀደ፤ ድምፃቸው ከፍ ብሎ ራሳቸውንም አስደነገጣቸው። ከዚያ ዝቅ አድርገው ቀጠሉ። «ያን ቀን በትኩሳት ራስሽን አታውቂም ነበር። እኔ ላዝልሽ ብል እምቢ አለች። ከመንደሩ እስከ መኪናው መንገድ ድረስ አዝላሽ የመጣችው እሷ ነች። በዝናብ። መኪናው ሲመጣ ከጀርባዋ አውርዳ ሰጠችኝ፤ 'ይቺን እንኳ አድንልኝ፣ እዚህ ከከረመች ሁለቱንም ጎን ለጎን ነው የምቀብራቸው' አለችኝ። አንቺን መስጠት ቀላል መሰለሽ?»

«ለምን እስከዛሬ አልነገርከኝም?»

«ስሟን ባነሳሁ ቁጥር ተነስተሽ ትሄጂ ነበር እኮ፣ ልጄ።»

እውነት ነው። ትነሳ ነበር። የዚያን ቀን ግን አልተነሳችም። እርጥቡ ሣር ላይ ከአባቷ ዱካ ሥር ተቀመጠች፤ ሻዩ ቀዝቅዞ፣ ዝናቡ ካፊያ መጣል እስኪጀምር ድረስ አቶ ፈቀደ ስለ በላይነሽ አወሩላት።

በማግስቱ አቶ ሰይፈሥላሴ ቢሮ ገብታ የበለስ ጉዞ ይመለስልኝ ብትል፣ አልሆነም። መኪናው፣ የክልሉ ቢሮ ፈቃድ፣ የሌሎች ባለሙያዎች ስም፣ ሁሉም በዮዲ ተይዞ አልቋል። «ያኔ ሰጥቼሽ ነበር» አሉ እሳቸው፤ ክፉ አልነበሩም፣ ግን የሠሩትን አያፈርሱም። ጥቅምት ሲገባ ዮዲ ሄደች። እምነት ከመኪናው መስኮት ሥር ቆማ፣ «ፎቶ አንሺልኝ፤ ማሳውን ብቻ አይደለም፣ ሰዉንም። በተለይ ሴቶቹን» አለቻት።

ዮዲ በሁለተኛው ሳምንት ፊቷ በፀሐይ ጠቁሮ፣ እግሯ በትንኝ ተበልቶ ተመለሰች። «ካርታሽ ልክ ነው፤ እንዴት ያለ አገር መሰለሽ!» አለች። «አንቺ ነበርሽ መሄድ የነበረብሽ፣ የኔ ቆንጆ።» ፎቶዎቹን ኮምፒውተሩ ላይ ከፈተችላት። አረንጓዴ ማሳ፣ ውሃ፣ ሰማይ፤ ከዚያ ሴቶች። እምነት እያንዳንዷን እያቀረበች አየች። አጎንብሳ የምታርም፣ ቀና ብላ በእጇ ፀሐይ የምትከልል፣ ካሜራ አይታ የምትስቅ። ሰፊ ግንባር ያላት ሁሉ እናቷ መሰለቻት፤ ሌላዋን ስታይ ደግሞ ያኛዋን ተጠራጠረች። የምትፈልገውን ፊት ካላወቁ ፍለጋ ምን ያደርጋል? ምሳ ሰዓት አልፎ ሁሉም ሲመለሱ እሷ እዚያው ናት።

ፎቶዎቹን አሳጥባ ቤት ይዛ ገባች። አቶ ፈቀደ መነጽራቸውን አድርገው ጠረጴዛው ላይ ደረደሯቸው። «አይደለችም» አሉ የመጀመሪያዋን። «አይደለችም። ይቺም አይደለችም።» ከዚያ አንዷ ላይ ቆሙ። ውሃ ውስጥ የቆመች፣ ወደ ጎን የዞረች፣ ፀጉሯ ከሻሿ ሥር የሸበተ ሴት ነች። ወደ መስኮቱ አቅርበው አዩዋት፣ አርቀው አዩዋት፣ መነጽራቸውን ጠርገው አዩዋት።

«እሷ ናት?» አለች እምነት።

«እንጃ።»

«አባዬ፣ እሷ ናት?»

«እንጃ አልኩሽ!» ፎቶውን አስቀመጡት። «እኔ የማውቃት ጥቁር ፀጉር ነበራት። ሳስባትም እንደዚያው ነው የማስባት። መንገድ ላይ ባገኛት... መንገድ ላይ ባገኛት አላውቃት ይሆናል እኮ፣ እምነት።»

ያን ማታ እራት የበላ የለም።

ብርዱ አልዘገየም። በጥቅምት አጋማሽ ጠዋት ጠዋት የቤቱ ቆርቆሮ በጤዛ ነጭ ይሆን ጀመር። ቢሮ የሚመጣላት የአየር ሁኔታ መረጃ ላይ የአቃቂ ሌሊት ቁልቁል ሲወርድ እምነት በዓይኗ ታያለች፤ ሩዙ ያን ሰሞን አበባ ላይ ነበር። ለአባቷ ብትነግር ምን ያደርጋሉ? ሌሊቱን ብርድ ልብስ አያለብሱት! አልነገረቻቸውም። እሳቸውም አልጠየቋት።

የሞላ ሩዝ አንገቱን ይደፋል፤ ፍሬው ከብዶት። በለስ ላይ ይህን ማንም ያውቀዋል። ኅዳር ሲገባ የአቃቂው ሩዝ ዛላው ሁሉ ቀጥ ብሎ ሰማይ ሰማይ እያየ ቆሞ ነበር፤ ነጣ ያለ፣ ቀላል፣ ትንሽ ንፋስ የሚያንኮሻኩሸው። አቶ ፈቀደ አንድ ቅዳሜ ጠዋት ገብተው አንድ ዛላ ቀጠፉ። በመዳፋቸው አሹት፤ እፍ ሲሉት ሁሉም ሄደ። መዳፋቸው ላይ ምንም አልቀረም። ሌላ ቀጠፉ፣ አሹት፣ እፍ አሉት። ሦስተኛውን አልሞከሩም።

እምነት ከጓሮ በር ላይ ሆና ታያቸዋለች። የተናገረችው ሁሉ ልክ ሆኗል፤ እንዲህ ልክ በመሆኗ የከፋት ጊዜ አልነበረም።

«ለወይዘሮ አደሴ ላም ይሁን» አሉ አባቷ በአጠገቧ ሲያልፉ። እግራቸውን ታጠቡ፣ ጫማቸውን አደረጉ፣ ኮታቸውን ለበሱና ወጡ። የሄዱት ቃሊቲ ዚያድ ሱቅ ነው። ሲመለሱ፣ «ሐሙስ እሄዳለሁ» አሏት።

«የት?»

«በለስ ነዋ!»

«አባዬ፣ ግፊት አለብህ። ወባ አለ። ያን ሁሉ መንገድ በአይሱዙ...»

«አንቺን ያሳደግሁት ይሄን ግፊት ይዤ ነው።» ከዚያ ረጋ ብለው ቁጭ አሉ። «እምነት፣ ስሚኝ። ትምህርት እስክትጨርሺ አልኩ፤ ጨረስሽ። ሥራ እስክትይዢ አልኩ፤ ያዝሽ። እሷ ትመጣለች አልኩ፤ እሷም ይሄኔ እሱ ይመጣል ትላለች። አሁን ሌላ የምለው አጣሁ። ሳላውቃት ከማልፋት ልሂድ።»

«እኔም ልምጣ እንግዲያው።»

«ሥራሽን ጨርሺ። ለገና ፈቃድ ጠይቂና ነይ። መጀመሪያ እኔ ልያት፤ ሁለታችን ባንዴ ብንመጣባት ትደነግጣለች» አሉና ፈገግ አሉ። ዕድሜያቸው ከፊታቸው ላይ ትንሽ የተነሳ መሰለ።

ሐሙስ ጠዋት ወደ ማረሚያ ቤቱ በሚወስደው መንገድ ላይ የጠያቂው ሰልፍ ጀምሯል። ሴቶች ምሳ ዕቃና ፔርሙዝ አንጠልጥለው፣ አንዳንዷም ልጅ አዝላ፣ ወደ በሩ ይሄዳሉ። እምነት በዚያ መንገድ ስንት ጊዜ ስታልፍ አዝናላቸው ታውቃለች፤ የዚያን ቀን ግን ቀናችባቸው። በሩ ሲከፈት ማንን እንደሚያዩ ያውቃሉ።

አቶ ፈቀደ ከዚያድ ጎን ጋቢና ተቀመጡ። ተላጭተዋል፤ የፋሲካ ሸሚዛቸውን ለብሰዋል። ጉልበታቸው ላይ ለበላይነሽ የገዙት ሰማያዊ ሹራብ በፌስታል አለ።

«ቆላ ነው እኮ፤ ሹራብ ምን ያደርግላታል?» አለች እምነት፣ ሌላ የምትለው ጠፍቷት።

«እዚህ ስትመጣ ትለብሰዋለች» አሉ። ሁለቱም እንደማትመጣ ያውቁ ነበር።

«አይዞሽ፣ እህቴ» አለ ዚያድ ሞተሩን እያስነሳ፤ «እንደ እንቁላል ነው ይዤ የማደርሳቸው።»

አይሱዙው ወደ ዋናው መንገድ ወጥቶ ከከባድ መኪናዎቹ መካከል ገባ። እምነት ሥራ ገብታ ካርታው ላይ ያንን ሸለቆ ከፈተች። ሁሉም ነገር እዚያ አለ፤ ዝናቡ፣ ሙቀቱ፣ ወንዙ። አባቷ በአሁኑ ሰዓት የት ላይ እንደሚሆኑ በጣቷ እየተከተለች ዋለች።

ሳምንቱ አለፈ። ዚያድ ተመልሶ፣ «በሰላም ገብተዋል፤ እኔ ከመንደሩ በር ላይ አውርጃቸው ጭነት ስለያዝኩ ቀጠልኩ» ብቻ አላት። ቤቱ ባዶ ሆነ። ዱካው ጓሮ እንደቆመ ነው፤ የወይዘሮ አደሴ ላም ገለባውን ለቅማ ጨርሳዋለች።

ስልኩ የደወለው አንድ ማክሰኞ፣ አቶ ሰይፈሥላሴ የካርታውን የመጨረሻ ረቂቅ ከሁሉም ጋር እያዩ ሳለ ነው። የማታውቀው ቁጥር ነው። ወደ ኮሪደሩ ወጣች።

«እምነት! እኔ ነኝ፤ ከተማ ወጥተን ነው፤ እዚህ ኔትወርኩ ይመጣል ይሄዳል። ቆይ፤ ቆይ፤ ልስጥሽ» አሉ አባቷ እየጮኹ። ከዚያ ራቅ ብሎ፣ «በዚህ በኩል ነው የሚሰማው፤ ጆሮሽ ላይ አድርጊው፤ አዎ» ሲሉ ተሰማ።

ትንፋሽ መጣ። ረጅም ትንፋሽ።

«እምነት ነሽ?»

የሴት ድምፅ ነው፤ ወፈር ያለ፣ የወሎ ዜማ ያልለቀቀው።

«ነኝ» አለች።

«ድምፅሽ ትልቅ ሰው ሆኗል፣ የኔ እናት። ትኩሳቱስ? ትኩሳቱ ለቀቀሽ?»

እምነት ግድግዳውን ተደገፈች። ከአሥራ ሰባት ዓመት በፊት የጠፋ ትኩሳት ነው። ሾፌሮቹ ሁሉ «ደህና ናት» ብለው ነግረዋታል፤ ይቺ ሴት ግን ከራሷ ከልጇ አፍ እስክትሰማ ስትጠብቅ ኖራለች።

«ለቀቀኝ» አለች። «ድኛለሁ።»

«ተመስገን። ተመስገን። እኔማ...» መስመሩ ተቆረጠ።

መልሳ ደወለች። አይሠራም። ደግማ ደወለች። ከታች ከመጋዘኑ ብረት እያራገፉ ነበር፤ የፎቁ ወለል በእግሯ ሥር ይንቀጠቀጣል። እማዬ ብላ አልጠራቻትም። ልትል አፏ ላይ ደርሶ ነበር፤ የመስመሩ መቆረጥ ቀደማት። ኮሪደሩ ላይ ብቻዋን ቆማ ቃሉን ቀስ ብላ አለችው፤ እንዴት እንደሚባል ለመሞከር ያህል።

ዮዲ በሩን ከፍታ ወጣች፤ ዓይኗን አይታ ሶፍት ሰጠቻት። እምነት ፊቷን ጠርጋ ገባችና በሁሉም ፊት፣ «አቶ ሰይፈሥላሴ፣ ለገና ፈቃድ እፈልጋለሁ» አለች።

ሄደች። ለአንድ ሳምንት ብላ ሄዳ ሁለት ሳምንት ከረመች። ከፎቶዎቹ ውስጥ አንዷም ሴት በላይነሽ አልነበረችም፤ ያቺ ወደ ጎን የዞረችው የመንደሩ ሌላ ሰው ሆና ተገኘች፤ ሦስቱም ፎቶውን እያዩ ሳቁ። እናትና ልጅ የመጀመሪያዎቹን ቀናት እንደ እንግዳ እየተፋፈሩ አሳለፉ። በኋላ በላይነሽ ልጇን እጇን ይዛ ቀናው የተኛበት ዛፍ ሥር ወሰደቻት፤ እዚያ ቁጭ ብለው አመሹ።

ወደ አቃቂ የተመለሰችው ብቻዋን ነው። አቶ ፈቀደ እዚያው ቀሩ። ወባ አንድ ጊዜ ጣላቸው፣ ተነሱ፤ የቆመ ኮምባይነር ፈታትተው ለመንደሩ መፈልፈያ ሞተር ያበጁ ጀመር። ካርታው ታትሞ ወጣ፤ በየክልሉ ግብርና ቢሮ ግድግዳ ላይ ተሰቀለ። የበሰቃው ቤት ለአንድ ሰው ሰፋና ዮዲ መጥታ አንደኛውን ክፍል ተከራየች።

ናፍቆቱ ግን አልቀነሰም፤ ባሰ። ድሮ የሚናፍቃት ነገር ቅርፅ አልነበረውም፤ ስለዚህ ተቆጥታ ማለፍ ትችል ነበር። አሁን እናቷ ስትስቅ ጥርሷን በሻሿ ጫፍ እንደምትሸፍን ታውቃለች። ጠዋት ከሰው ሁሉ ቀድማ ተነስታ በባዶ እግሯ ማሳው ዳር እንደምትቆም፣ ስትደክም ግራ ትከሻዋ ዝቅ እንደሚል ታውቃለች። ቃሊቲ መስኮቱ ሥር አይሱዙ ባለፈ ቁጥር እምነት ከስክሪኑ ቀና ትላለች።